የሥራ ታሪክን እንደ ዘር ሐረግ ማንበብ፦ የኮሚት ግራፍ አሳሳልና የአርሲ ስንዴ

መግቢያ

በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ ዙሪያ አንሥቶ እስከ ዲክሲስ ድረስ ባሉት ወረዳዎች፣ ስንዴ አምራቹ ስለ ዘሩ ሲጠየቅ በስም ይመልሳል፤ ኩብሳ፣ ዲገሉ፣ ካካባ፣ ዳንዳአ እያለ። በአሰላ አቅራቢያ በሚገኘው በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራው የዘር አዳቃይ ግን በስም ብቻ አይረካም። «እናቱ ማን ናት? አባቱስ? የእናቱ እናትና አባትስ?» ብሎ ወደ ኋላ ይቈጥራል። እንዲህ የሚያደርገው ለወግ ያህል አይደለም። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ዝርያዎች ዋግን የሚቋቋሙበትን ኃይል ከአንድ ቅድመ አያት አግኝተው ከሆነ፣ ያን ኃይል የሚሰብር ዋግ በመጣ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉና ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። አንድ ፕሮግራም በብዙ እጆች ሲሻሻል «ይህ እትም ከየትኛው እትም ተወለደ? ይህ ስሕተት ከየትኛው ቅድመ አያት ወረሰ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ የሚገኘው ከሥራው ታሪክ ነው፤ ታሪኩ ግን በትክክል ካልታየ ቢኖርም እንደሌለ ይቈጠራል። በዚህ ጽሑፍ የሥራ ታሪክ በግራፍ መልክ እንዴት እንደሚሣል፣ ሥዕሉ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚሰውርብን እናያለን። በመጨረሻም ያገኘነውን ዕውቀት ወስደን በአርሲ ስንዴ ላይ እንፈትነዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ቨርዥን ኮንትሮል ምንድን ነው?

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ፋይሉን «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ 2»፣ ከዚያም «እውነተኛው የመጨረሻ» እያለ ሲያስቀምጥ እናውቃለን። ይህ አሠራር ችግር አለበት፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠና ለምን እንደ ለወጠ አይመዘግብም። ቨርዥን ኮንትሮል ማለት ይህን ሁሉ በሥርዓት የሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው።

የመጀመሪያው ታዋቂ ሥርዓት በ1972 በቤል ላብራቶሪ በማርክ ሮክካይንድ የተሠራው ነው። በ1982 ዋልተር ቲሺ አር.ሲ.ኤስ. የተባለውን አቀረበ። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ጊት የተጀመረው ደግሞ ሚያዝያ 2005 ሲሆን፣ ጀማሪው የሊነክስ ከርነል ደራሲ ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። የከርነሉ ሠራተኞች ቀድሞ ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ የንግድ ሶፍትዌር ነጻ ፈቃዱን በማንሣቱ ምክንያት የተሠራ ነበር።

የጊት መሠረታዊ አሐድ ኮሚት ይባላል። አንድ ኮሚት የሚከተሉትን ይይዛል፦

ሀ) በዚያ ቅጽበት የነበረውን የፋይሎቹን ሙሉ ገጽታ፤
ለ) የሠራውን ሰው ስምና ጊዜውን፤
ሐ) ለውጡ ለምን እንደ ተደረገ የሚገልጽ አጭር መልእክት፤
መ) የወላጁን ወይም የወላጆቹን መታወቂያ።

ለርእሳችን ዋናው ነገር የመጨረሻው ነው። እያንዳንዱ ኮሚት ወላጁን ያውቃል፤ ልጆቹን ግን አያውቅም። መታወቂያው የሚሰላው ከራሱ ይዘትና ከወላጆቹ መታወቂያ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር 40 አኃዝ ያለው በአሥራ ስድስት ቤት የሚጻፍ ቁጥር ነው። በስክሪን ላይ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 7 አኃዞች ብቻ ይታያሉ። የልጁ መታወቂያ ከወላጁ መታወቂያ የሚሰላ ስለ ሆነ ወላጁ ከልጁ በፊት መኖሩ ግድ ነው። ስለዚህም ማንም ኮሚት የራሱ ቅድመ አያት ሊሆን አይችልም።

2. ታሪኩ ለምን ግራፍ ሆነ?

አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራ ታሪኩ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ይሆናል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ኮሚት ተነሥተው ለየብቻ ሲሠሩ ግን ታሪኩ ቅርንጫፍ ያወጣል። በኋላ ሥራቸውን ሲያዋሕዱ ሁለት ወላጆች ያሉት ኮሚት ይወለዳል፤ ይህን ውሕደት ወይም መርጅ እንለዋለን።

በሒሳብ ቋንቋ ይህ «አቅጣጫ ያለው ዑደት አልባ ግራፍ» ይባላል። ኮሚቶቹ ነጥቦች ናቸው፤ ከልጅ ወደ ወላጅ የሚያመለክቱት ደግሞ ቀስቶች ናቸው። ከዛፍ የሚለየው ቅርንጫፎቹ እንደ ገና የሚገናኙ በመሆናቸው ነው። የሰው የዘር ሐረግ በአባት መስመር ብቻ ሲቈጠር ዛፍ ይመስላል፤ እናትም አባትም ሲቈጠሩ ግን ግራፍ ይሆናል። የስንዴው ሐረግም እንደዚሁ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ተማሪዎች የዋግ መረጃ የሚያሰላ ፕሮግራም ይጽፋሉ እንበል። አንደኛው በአሰላ፣ ሁለተኛው በአዲስ አበባ ነው። ኮሚት ሀ እና ለ የጋራ መነሻ ናቸው። የአሰላው ተማሪ ሰኞ ሐ ን፣ ረቡዕ መ ን ጻፈ። የአዲስ አበባው ማክሰኞ ሠ ን፣ ሐሙስ ረ ን ጻፈ። ዓርብ ዕለት ሥራው ተዋሕዶ ሰ ሆነ። ቅዳሜ ሸ ተጨመረ። ጊት ይህን በተራ ዝርዝር ሲያቀርበው፣ ከአዲሱ ወደ አሮጌው፣ እንዲህ ይነበባል፦

ሸ፣ ሰ፣ ረ፣ መ፣ ሠ፣ ሐ፣ ለ፣ ሀ

ይህን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው መ የተወለደው ከሠ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እውነቱ ግን መ ስለ ሠ ምንም አያውቅም። በግራፍ ሲሣል እንዲህ ይሆናል፦

* ሸ
*   ሰ (ውሕደት)
|\
| * ረ
| * ሠ
* | መ
* | ሐ
|/
* ለ
* ሀ

ኮከቡ ኮሚትን፣ ቋሚው መስመር ገና ወላጁ ያልደረሰ ዝምድናን፣ አግዳሚ ያዘነበሉት መስመሮች ቅርንጫፍ መክፈትንና መገናኘትን ያመለክታሉ። ሥዕሉ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ትውልዱ ከታች ይጀምራልና። አሁን ሐ እና መ በአንድ ዐምድ፣ ሠ እና ረ በሌላ ዐምድ ስለ ተቀመጡ ማን ከማን እንደ ተወለደ በግልጽ ይታያል።

3. ቅደም ተከተል፦ በሰዓት ወይስ በዝምድና?

ግራፉን በወረቀት ወይም በስክሪን ላይ ለማውረድ እያንዳንዱ ኮሚት የራሱ ረድፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኮሚቶቹን በአንድ ቅደም ተከተል መደርደር ግድ ነው። የሚከበረው ሕግ አንድ ነው፤ ማንኛውም ልጅ ከወላጁ በላይ መታየት አለበት። ይህን ሕግ የሚያከብር አደራደር ቶፖሎጂያዊ ቅደም ተከተል ይባላል። አርተር ካን በ1962 ያቀረበው ዘዴ ቀላል ነው። ያልታተመ ልጅ የሌለውን ኮሚት እናትማለን፤ ከዚያም ከግራፉ እናነሣዋለን፤ ቀጥሎ ልጆቹ በሙሉ የታተሙለትን ሌላ ኮሚት እንፈልጋለን፤ እስኪያልቅ ድረስ ይህንኑ እንደግማለን።

ይሁን እንጂ ትክክለኛው ቅደም ተከተል አንድ ብቻ አይደለም። በምሳሌያችን ሐ ከመ በፊት፣ ሠ ከረ በፊት መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በሐ እና በሠ መካከል ግን ግራፉ ምንም ፍርድ አይሰጥም። ከአራት ቦታዎች ሁለቱን ለአንደኛው ቅርንጫፍ ስንመርጥ 6 ትክክለኛ አደራደሮች እናገኛለን። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ 10 ኮሚት ቢኖረው ቁጥሩ 184,756 ይደርሳል። ተራው ዝርዝር ከእነዚህ ሁሉ አንዱን መርጦ «ታሪኩ ይህ ነው» ይለናል። በግራፍ ማሳየት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ የሚያውቀው ነገር ትዝ ሊለው ይገባል። በልዩ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ብርሃን እንኳ ሊደርስ የማይችልባቸው ሁለት ክስተቶች የታወቀ ቅደም ተከተል የላቸውም፤ አንዱ ተመልካች ይኸኛው ቀደመ ሲል ሌላው ያኛው ቀደመ ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቁርጥ ያለ ቅደም ተከተል ያላቸው አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ሊያደርግ የሚችልባቸው ክስተቶች ብቻ ናቸው። ሌዝሊ ላምፖርት በ1978 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ኮምፒውተር መረቦች አመጣው። በተራራቁ ኮምፒውተሮች ላይ የሚደረጉ ሁለት ድርጊቶች በመልእክት ካልተገናኙ የትኛው እንደ ቀደመ መጠየቅ ትርጉም የለውም አለ። የአሰላውና የአዲስ አበባው ተማሪ እስኪገናኙ ድረስ ኮሚቶቻቸው እንደነዚህ ክስተቶች ናቸው።

«እያንዳንዱ ኮሚት ሰዓቱ ተመዝግቦ የለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አዎን፤ ነገር ግን የተመዘገበው የዚያ ኮምፒውተር ሰዓት ነው። በአገራችን ይህ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩን 14 ሰዓት ማለት ሲገባው 8 ሰዓት ብሎ የሞላ ሰው ሥራውን ሁሉ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጐትተዋል። የውስጥ ባትሪው ያለቀበት ኮምፒውተር ደግሞ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቍጥር ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የወላጅና የልጅ ዝምድና ግን በመታወቂያው ውስጥ ስለ ታሰረ በሰዓት ስሕተት አይናወጥም። ስለዚህ ሰዓትን ለመረጃ፣ ዝምድናን ለማስረጃ እንይዛለን።

ጊት ሁለቱንም መንገድ ይፈቅዳል። «ቶፖ-ኦርደር» የተባለው ምርጫ የአንድን ቅርንጫፍ ኮሚቶች ሳይበትን በአንድነት ያስቀምጣል፤ ከላይ ያየነው ሥዕል ይህን ይመስላል። «ዴት-ኦርደር» ደግሞ ልጅ ከወላጁ በላይ መሆኑን ሳይጥስ፣ በተቻለ መጠን በጊዜ ይደረድራል፦

* ሸ
*   ሰ (ውሕደት)
|\
| * ረ
* | መ
| * ሠ
* | ሐ
|/
* ለ
* ሀ

የመጀመሪያው «እያንዳንዱ ሥራ እንዴት አደገ?» ለሚለው፣ ሁለተኛው «በዚያ ሳምንት ማን ምን ሲሠራ ነበር?» ለሚለው ይጠቅማል። ግራፉ ያው ነው፤ የተለየው አቀማመጡ ብቻ ነው።

4. መስመሮቹ እንዴት ይሣላሉ?

በተርሚናል ላይ የሚሣለው ግራፍ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። ይህ የሚቻለው የሚጠበቁ ኮሚቶችን ዝርዝር በመያዝ ነው። እያንዳንዱ ዐምድ «ቀጥሎ የምጠብቀው እገሌን ነው» ይላል። ሕጎቹ አራት ናቸው፦

1ኛ) ተራው የደረሰው ኮሚት በሚጠበቅበት ዐምድ ላይ ኮከብ ይደረጋል፤ በሌሎቹ ዐምዶች ላይ ቋሚ መስመር ያልፋል።
2ኛ) ዐምዱ ከእንግዲህ የኮሚቱን የመጀመሪያ ወላጅ ይጠብቃል።
3ኛ) ሁለተኛ ወላጅ ካለ በስተቀኝ አዲስ ዐምድ ይከፈትለታል።
4ኛ) ሁለት ዐምዶች አንድን ኮሚት የሚጠብቁ ከሆነ ይዋሐዳሉ።

በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ብንሞክረው የዐምዶቹ ሁኔታ እንዲህ ይለዋወጣል፦

መጀመሪያ፦ [ሸ]
ሸ ከታተመ በኋላ፦ [ሰ]
ሰ ከታተመ በኋላ፦ [መ፣ ረ]
ረ ከታተመ በኋላ፦ [መ፣ ሠ]
ሠ ከታተመ በኋላ፦ [መ፣ ለ]
መ ከታተመ በኋላ፦ [ሐ፣ ለ]
ሐ ከታተመ በኋላ፦ [ለ፣ ለ]፤ በ4ኛው ሕግ [ለ]
ለ ከታተመ በኋላ፦ [ሀ]
ሀ ከታተመ በኋላ፦ ባዶ

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የሥዕሉ ስፋት በአንድ ጊዜ ከተከፈቱት ዐምዶች ብዛት ጋር እኩል ነው፤ ቅርንጫፎች ሳይዋሐዱ ረጅም ጊዜ በቈዩ ቍጥር ግራፉ እየሰፋ ለዐይን ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ የዐምድ ቦታ ማንነት አይደለም። አንድ ቅርንጫፍ ከሥዕሉ ላይ በግራ ታይቶ ዝቅ ሲል ወደ ቀኝ ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ በዐምዱ ቦታ ወይም ተርሚናሉ በሰጠው ቀለም ሳይሆን መስመሩን በመከተል ማንበብ ይገባል።

5. ምን ይታይ? ምን ይቈይ?

የጊት ትእዛዞች በኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ በድምፃቸው እናስቀምጣቸዋለን። ግራፍ ለማየት መነሻ የሚሆነው ትእዛዝ ይህ ነው፦

ጊት ሎግ --ግራፍ --ዋንላይን --ዴኮሬት --ኦል

«ግራፍ» መስመሮቹን ይሥላል። «ዋንላይን» እያንዳንዱን ኮሚት በአንድ መስመር ያሳጥራል፤ ይህ ባይኖር ስም፣ ቀንና ሙሉ መልእክት እየገባ የግራፉ ቅርጽ ይበተናል። «ዴኮሬት» የቅርንጫፎችንና የእትሞችን ስም ከሚያመለክቱት ኮሚት አጠገብ ይጽፋል። «ኦል» ደግሞ ሁሉንም ቅርንጫፎች ያስገባል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የመጨረሻውን ነው። እሱ ከሌለ ጊት የሚያሳየው አሁን ከቆምንበት ኮሚት ተነሥቶ ቅድመ አያቶቹን ብቻ ነው። ገና ያልተዋሐደ የባልደረባ ቅርንጫፍ ከሥዕሉ ይጐድላል። ሥራው ጠፋ ተብሎ ድንጋጤ የሚፈጠረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ሲረዝም ደግሞ ማሳጠር ያስፈልጋል። «ፈርስት-ፓረንት» የተባለው ምርጫ በውሕደት ላይ የመጀመሪያውን ወላጅ ብቻ ይከተላል። በምሳሌያችን ሸ፣ ሰ፣ መ፣ ሐ፣ ለ፣ ሀ ብቻ ይቀራሉ። የዋናው ሥራ ጕዞ በአጭሩ ይታያል፤ የጎን ቅርንጫፉ ዝርዝር በሰ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቈያል። «ሲምፕሊፋይ-ባይ-ዴኮሬሽን» ደግሞ ስም የተሰጣቸውን ኮሚቶች ብቻ ያስቀራል፤ በሺህ የሚቈጠሩ ኮሚቶች ላሉት ሥራ እንደ ካርታ ያገለግላል። ካርታ ሁሉን ነገር እንደማያሳይ የታወቀ ነው። ጥያቄው የቀረው ነገር ለምንፈልገው ዓላማ ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው ብቻ ነው።

6. ዘዴውን በአርሲ ስንዴ ላይ መፈተን

አሁን ወደ ስንዴው እንመለስ። አዳቃዮች የዘር ሐረግን በአንድ መስመር ይጽፋሉ። የሚጠቀሙበት ሥርዓት በ1968 ሎረንስ ፐርዲና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው። እናት በግራ፣ አባት በቀኝ ይጻፋሉ፤ አንድ ዝንባሌ መስመር የመጀመሪያውን፣ ሁለት ዝንባሌ መስመር ሁለተኛውን ድቀላ ያመለክታል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቁጥሩ በመስመሮቹ መካከል ይገባል።

ኩብሳ በ1995 የተለቀቀ ዝርያ ሲሆን፣ መሠረቱ በሜክሲኮ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ያዳቀለው አቲላ ነው። የአቲላ ሐረግ እንዲህ ይጻፋል፦

ኖርድ-ዴስፕሬ/ቪጂ9144//ካልያንሶና/ብሉበርድ/3/ያኮ/4/ቪሪ#5

ይህ በትክክል ከኮሚት ተራ ዝርዝር ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ ግራፍ የነበረው ወደ አንድ መስመር ተጨፍልቋል። እንዘርዝረው፦

1) ኖርድ-ዴስፕሬ እና ቪጂ9144 ይዳቀላሉ፤
2) ካልያንሶና እና ብሉበርድ ይዳቀላሉ፤
3) የ1ኛውና የ2ኛው ውጤት ይዳቀላሉ፤
4) የ3ኛው ውጤት ከያኮ ጋር ይዳቀላል፤
5) የ4ኛው ውጤት ከቪሪ#5 ጋር ይዳቀልና አቲላ ይወለዳል።

እያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ወላጅ ያለው ውሕደት ነው። እስካሁን ዛፍ ይመስላል። ቪሪ የተባለው ስም ግን ራሱ የተጠቀለለ ታሪክ ነው። ስንፈታው የሚከተለውን እናገኛለን፦

ካቭካዝ/ቡሆ//ካልያንሶና/ብሉበርድ

እነሆ፣ የካልያንሶናና የብሉበርድ ጥምረት እንደ ገና ተገኘ። በአቲላ ውስጥ በሁለት መንገድ ገብቷል፤ አንዱ በግልጽ ተጽፏል፣ ሁለተኛው «ቪሪ#5» በሚለው ስም ውስጥ ተሰውሯል። መስመሩን ብቻ ያነበበ ሰው አያየውም። ግራፉን የሣለ ሰው ግን ከአንድ ነጥብ ሁለት ቅርንጫፍ ወጥቶ በኋላ ሲገናኝ ያያል። በጊት ቋንቋ ይህ «ፈርስት-ፓረንት» ብቻ ይዞ የጎን ቅርንጫፉን እንዳለማየት ነው።

እዚህ ላይ የምሳሌው ወሰን መታወቅ አለበት። ጊት ውስጥ አንድ መታወቂያ አንድ ይዘት ነው። በስንዴ ግን ከአንድ ድቅል ብዙ እኅትማማች መስመሮች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ መስመር ከወላጆቹ የወረሰው የዘረ መል ክፍል ይለያያል። ስለዚህ የሐረግ ግራፍ የሚናገረው ሊወረስ የሚችለውን እንጂ የተወረሰውን አይደለም።

ጉዳዩ ግን የዋዛ አይደለም። ሕንድ ውስጥ በሰፊው የተዘራው ፒቢደብልዩ343 የተባለ ዝርያም ከአቲላ የተመረጠ ነው። ኩብሳና እርሱ በሁለት አገር፣ በሁለት ስም የኖሩ እኅትማማቾች ናቸው። ሁለቱም ቢጫ ዋግን ለመቋቋም ዋይ.አር.27 በተባለው ዘረ መል ይታገዙ ነበር። ይህን ዘረ መል የሚያሸንፍ የቢጫ ዋግ ዝርያ ተስፋፍቶ በ2010 በኢትዮጵያ ከባድ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ በሰፊው የተዘራው ኩብሳ ክፉኛ ተጠቃ። ስም ለየብቻ ነው፤ ጥቃቱ የመጣው በጋራው ነጥብ በኩል ነው።

ሌላ ምሳሌ ከዚያው ግራፍ እናንሣ። ካቭካዝ ከአጃ የተገኘ የክሮሞሶም ቁራጭ የያዘ የሶቭየት ስንዴ ነበር። በዚያ ቁራጭ ላይ ኤስ.አር.31 የተባለ የግንድ ዋግ መቋቋሚያ ዘረ መል ይገኛል። በቪሪና በእኅትማማቾቿ በኩል ይህ ቁራጭ በብዙ አገሮች ስንዴ ውስጥ ገባ። በ1998 በኡጋንዳ የታየው ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ ኤስ.አር.31ን ሰበረ፤ በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። ዓለምን ያስደነገጠው የዋጉ ብርታት ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ስም ያላቸው ስንዴዎች ወደ አንድ ነጥብ መመለሳቸውም ነበር።

ከ2010 ወረርሽኝ በኋላ በስፋት የተዳረሱት ካካባና ዳንዳአ በዚያው ዓመት የተለቀቁ ናቸው። ሐረጋቸው ሲጻፍ፦

ካካባ፦ ኪሪታቲ//ሴሪ/ራዮን
ዳንዳአ፦ ኪሪታቲ//2*ፒቢደብልዩ65/2*ሴሪ.1ቢ

ሁለቱም ኪሪታቲንና ሴሪን ይጋራሉ። ሴሪ ደግሞ ያው ከቪሪ#5 የተገኘ ስንዴ ነው። ስለዚህ ኩብሳ፣ ካካባና ዳንዳአ ሁሉም ወደ ካቭካዝ የሚያደርስ መንገድ አላቸው። ነገር ግን በዳንዳአ ሐረግ ላይ «ሴሪ» ከሚለው ቀጥሎ ያለችውን «.1ቢ» ልብ እንበል። የአጃው ቁራጭ ተነሥቶ በቦታው መደበኛው የስንዴ ክሮሞሶም 1ቢ የተመለሰበት ሴሪ መሆኑን ታመለክታለች። በጊትም አንድ ለውጥ በሌላ ኮሚት ሲሻር ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። የተሻረው ኮሚት ከግራፉ አይጠፋም፤ በዛሬው ይዘት ውስጥ ግን የለም። መንገድ መኖሩ ይዘት መኖሩን አያረጋግጥም፤ ግራፉ የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ምርመራ ነው።

7. ለተማሪዎች ጥቂት ተግባራዊ ምክሮች

ሀ) የኮሚት መልእክት የመጀመሪያ መስመር አጭርና ሙሉ ሐሳብ ያለው ይሁን። «ማስተካከያ» የሚል ቃል አሥር ጊዜ የተደረደረበት ግራፍ መስመሩ ቢያምርም ምንም አይናገርም።

ለ) መልእክትን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ግራፉ ከጽሑፉ በስተግራ ስለሚሣል የፊደላችን ስፋት መስመሮቹን አያዛባም። የፋይል ስም በአማርኛ ሲሆን ግን ጊት እንደ ፋይል ዝርዝር ባሉ ቦታዎች ላይ ስሙን በቁጥር ኮድ ሊያሳየው ይችላል። በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ስንዴ» የሚለው ስም 9 ኮዶች ይሆናል። «ኮር ኳት ፓዝ» የተባለውን ማስተካከያ በማጥፋት ስሙን እንደ ተጻፈ ማየት ይቻላል።

ሐ) «ሪቤዝ» የተባለው ትእዛዝ የቅርንጫፍን ኮሚቶች እንደ ገና በሌላ ወላጅ ላይ ይጽፋቸዋል፤ ግራፉም ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ያምራል፤ ዳሩ ግን ወላጅ ሲለወጥ መታወቂያም ይለወጣል፤ አዲሶቹ ኮሚቶች ሌሎች ኮሚቶች ናቸው። ለሌላ ሰው ያላጋራነውን ሥራ በዚህ ማስተካከል ተገቢ ነው። ባልደረባችን አስቀድሞ የወሰደውን ሥራ እንዲህ ማድረግ ግን በእርሱ ግራፍ ላይ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ እንዲያይ ያደርገዋል።

መ) ስሕተት ሲገኝ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ «ጊት ባይሴክት» ታሪኩን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ ይፈትናል። 1000 ያህል ኮሚቶች መካከል ስሕተቱን የወለደውን ለማግኘት 10 ያህል ሙከራ ይበቃል። ይህ የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ኮሚት ራሱን የቻለ፣ ሊሠራ የሚችል እርምጃ ሲሆን ነው።

8. መልመጃ

1) ከአንድ ኮሚት ሦስት ቅርንጫፎች ወጥተው እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ኮሚት ካላቸው በኋላ ቢዋሐዱ፣ ስንት ትክክለኛ ቶፖሎጂያዊ ቅደም ተከተል ይኖራል? (መልስ፦ 90)

2) በክፍል 4 ያሉትን አራት ሕጎች በመከተል በ«ዴት-ኦርደር» ለተደረደረው ሥዕል የዐምዶቹን ሁኔታ በየረድፉ ጻፉ። ስፋቱ ይለወጣልን?

3) የአቲላን ሐረግ ቪሪን ፈትታችሁ በግራፍ ሣሉት። የካልያንሶናና የብሉበርድ ድቅል አንድ ነጥብ ሆኖ መታየት አለበት። ከዚያም የካካባን ሐረግ በዚያው ሥዕል ላይ ጨምሩ።

ማጠቃለያ

የሥራ ታሪክ በተፈጥሮው ግራፍ ነው። በዝርዝር ስንጽፈው የሌለ ቅደም ተከተል እንጨምርበታለን፤ በስም ስንጠቀልለው ያለ ዝምድና እንሰውርበታለን። ግራፉን በሚገባ ማሳየት ማለት ዝምድናን ከሰዓት አስቀድሞ መደርደር፣ ለጥያቄው የሚያስፈልገውን አስቀርቶ ሌላውን ማቆየት፣ የቀረ ነገር መኖሩንም አለመዘንጋት ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊው ይህ የአንድ ስሕተት መነሻን ለማግኘት ይረዳዋል። በአርሲ ደጋ ደግሞ ለመጪው መኸር ሁለት ዝርያ የሚመርጥ ገበሬና የሚያማክረው ባለሙያ፣ ሁለቱ ስሞች በእርግጥ ሁለት መድን መሆናቸውን ወይም አንዱ ስንዴ ሁለት ጊዜ የተጠራ መሆኑን የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው።